የስታን ካፖርት

ብራንትሊ፣ ማኒቶባ
እሑድ ከሰዓት፣ ማርች 23

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔም እማዬም ደህና ነን። ስልክ እያለ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርስህ «ይቺ ልጅ ምን ነካት» እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ስናወራ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ጥላ ነው የምትሰማን፤ ከሠራተኞች ካምፓችሁ ደግሞ ሁለት ቃል ከተሰማ ሦስተኛው ይጠፋል። የስፌት ክፍሏ የዶሪን ባል ነገ ጠዋት ጭነት ይዞ ወደ አልበርታ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ምግብ ቤት ውስጥ ከጓደኞችህ ጋር ሆነህ አትክፈተው። ክፍልህ ገብተህ፣ ቁጭ ብለህ፣ ቀስ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ ግን ልውቀስህ። ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ፋብሪካችን የአውቶቡስ ወንበር ስትበይድ ኖረህ፣ ስለ ካፖርቱ ለምን አልነገርከኝም? ልጄ ሰው ኃይል ክፍል ተቀጠረችልኝ ብለህ ካምፑን ሁሉ ቢራ እንደጋበዝክ ሰምቻለሁ። ለበረዶው የሚሆን ቡትስም ገዝተህ ላክህልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እግሬ ሞቆታል። ከቡትሱ ጋር ግን አንዲት ምክር ጣል ብታደርግበት ምን ነበረበት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር፣ ያ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ የቢሯችን ማሞቂያ ተበላሸ። እኔ በሁለት ሹራብ ላይ ያንተን ጓንት አድርጌ ነው ኮምፒውተር የምነካው። የዚያን ዕለት አብሮህ ይበይድ የነበረውን ስታንን ለአንድ ጉዳይ ማነጋገር ነበረብኝ። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ከብየዳው ሙቀት ወጥቶ እኛ ጋ ሲገባ እንዳይመታው ብዬ አዘንኩለትና ለክፍሉ አለቃ ለቨርን ደወልኩ።

«ቨርን፣ እስቲ ስታንን ላክልኝ።»

«አሁን?»

«አዎ። ካፖርቱን ይዞ ይምጣ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስታን ነው ያልሽኝ? የእኛን ስታን?»

«ስንት ስታን አለ? ምነው?»

«ምንም» አለና ዘጋው።

እዚያ ፋብሪካ አንድ ሰው ካፖርትህን ይዘህ ወደ ቢሮ ና ከተባለ መባረሩ እንደሆነ፣ ወደ ማሽኑ ሳይመለስ በጓሮ በር እንደሚሸኙት ዩኒቨርሲቲ ማንም አላስተማረኝም። ስለ ቅጥር፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ አቤቱታ አቀራረብ የተማርኩትን ብትጠይቀኝ እስከ ማታ አወራልሃለሁ። የካፖርቱን ነገር ግን ከጽዳት ሠራተኛው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያውም የሰው ኃይል ባለሙያ ተብዬ።

ስታን ገባ። ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጥሏል፣ በአንድ እጁ የምሳ ዕቃውን፣ በሌላው ሄልሜቱን ይዟል። ዓይኑ ቀልቷል። አንተ ከሄድክ ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር ደጃችንን የሚጠርግልን ሰው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ አለ።

«አይዞሽ ላሪሳ፣ አትጨነቂ» አለኝ። እኔን ሊያጽናናኝ። «ካንቺ አፍ መስማቴ ይሻላል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ እንጃ።»

«ምኑን ነው የምትሰማው?»

«የኦሬስት ልጅ ነሽ። በክፉ አላይሽም። በይ ንገሪኝና ልሂድ።»

ለረጅም ዘመን አገልግሎቱ ስጦታ እንዲመርጥ ነበር የጠራሁት። ሥዕል ያለበትን ወረቀት ዘርግቼ አሳየሁት፤ የእጅ ሰዓት አለ፣ የግድግዳ ሰዓት አለ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አለ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ ሄልሜቱ ከጭኑ እስኪወድቅ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ውሃ አመጣሁለት። «ዘንጉን ይሁንልኝ» አለ መጨረሻ ላይ፣ ቀስ ብሎ።

ኋላ እንደሰማሁት ወደ እኔ የመጣው ጓንቱን አጠገቡ ላለው ሰው ሰጥቶ፣ የብየዳ ክፍሉን በሙሉ እየዞረ ጨብጦ ነው። ስፌት ክፍል ሲያልፍ ሴቶቹ ማሽናቸውን አቁመዋል፤ ዶሪንማ አልቅሳለች። ለሳምንት ያህል መተላለፊያው ላይ ሳልፍ «ኧረ ካፖርት መጣች፣ ተደበቁ» እየተባልኩ ከረምኩ። ስድቡ ፍቅር አለበትና እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ያልሳቀችው ሜሬዲት ብቻ ናት፣ አለቃዬ። በረዶው ከመጀመሩ በፊት ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የላኳት። «ወይዘሮ» ብዬ ስጠራት በስሜ ጥሪኝ ብላኛለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ቁጣ አታውቅም። ትገስጸኛለች ብዬ ስጠብቅ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝ።

«ሲገባ አልጮኸም?»

«አልጮኸም።»

«ካንቺ አፍ መስማቴ ይሻላል፣ ነው ያለው? ልክ እንደዚያ?»

«አዎ። እኔ እኮ የካፖርቱን ነገር አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ።»

«ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለም።» እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ይሄ በትምህርት አይገኝም፣ ላሪሳ። አመልካቹ ብዙ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቀን ነው የቀጠርንሽ።»

ቤት መጥቼ ለእማዬ ይህን ስነግራት ደስ ብሏት ጉንጬን ሳመችኝ። «የአባትሽ ስም ነው» አለች። እኔ ግን አባዬ፣ ያን ማታ ደስታዋን መጋራት አቃተኝ። ለምን እንደሆነ በጊዜው አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ተለወጠ። ሜሬዲት ከሰዓት ከሰዓት ታሠለጥነኛለች። እሷ ሠራተኛ ትሆናለች፣ እኔ ደግሞ ክፉውን ወሬ የምነግራት። ወንበሩ በሩ አጠገብ ይሁን ትለኛለች፤ ሰውየውና በሩ መካከል አትቀመጪ። ሶፍቱ እጁ የሚደርስበት ይሁን፣ አንቺ ግን አታቀብዪው። አዝናለሁ አይባልም። ይገባኛል አይባልም። ስለ ልጆቹ ካነሳ ዝም በይ። አንዳንዴ የሚያለቅስ ሰው ትሆናለች፣ አንዳንዴ የሚሳደብ፤ ሁለቱንም ስትሠራ ፊቷ አይለወጥም። አንድ ቀን ጠረጴዛውን በጥፊ መትታ «አንቺን ሕፃን ሆነሽ አውቅሻለሁ» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም በረጋ ድምፅ የሚባለውን አልኳት። «በጣም ጥሩ» አለችኝ ሻይዋን እያነሳች። ጎበዝ ሆኛለሁ። የሚያስፈራኝም ይሄ ነው።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ለማንም። ሙያው ነው።»

በሳምንቱ ቢሮ ውስጥ የምሰማውን ለማንም፣ ለቤተሰቤም ጭምር፣ ላልናገር አስፈረመችኝ። ፈረምኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፣ ቃሌን የምበላ ሰው አድርገህ አላሳደግኸኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍልህ ዓይን ያለው ሰው ሁሉ የሚያየውን ብቻ ነው። ሌላውን አትጠይቀኝ።

ንጹሕ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ከውጭ መጥተው ማሽኖቹን በሜትር ለክተዋል። አንዳንዱ ላይ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ላይ ቀይ ምልክት ለጥፈው ሄዱ። ያንተ የድሮው ማሽን ላይ የለጠፉት ቀይ ነው። ቨርን ለኢንሹራንስ ነው ብሎ ለሁሉም ነግሯል፤ እሱ የተነገረው እንደዚያ ነው። ጨርቅ የሚያመጣው የጭነት መኪና ግማሹ ባዶ ሆኖ ይመጣል። የበጋ ዕረፍት ተራ በዚህ ሰሞን ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ ነበር፣ አይደል? ሰሌዳው ባዶ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤታችን ውስጥ ከተማው በሙሉ ጉንፋን ቢይዘው የማይጨርሰው ሶፍት በካርቶን ተደርድሯል። ማሞቂያው እስካሁን አልተሠራም። ሠራተኛ ልጥራ ወይ ስላት ሜሬዲት «አሁን ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

እሷ ራሷ አውራ ጎዳናው ዳር ያለው ሞቴል ውስጥ ነው የምትኖረው። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ አንዲት ፎቶ የለም። በበጋው የከተማው በዓል ላይ የፓንኬክ ቁርስ አብረን እንብላ ብዬ ብጋብዛት «ክፍሉን እስከ ጁን ብቻ ነው የያዝኩት» አለች። ከዚህ በፊት በሁለት ከተሞች፣ በሁለት ፋብሪካዎች ሠርታለች። እነዚያ ፋብሪካዎች አሁን ምን ያመርታሉ ብዬ ጠየቅኋት። «አሁን?» አለችና የጠረጴዛዋን መሳቢያ ቆልፋ ወጣች።

ባለፈው ዓርብ ስንወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «አንቺ እስከ መጨረሻው ከእኔ ጋር ነሽ» አለችኝ፣ እንደ ምሥራች። አመስግኛት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁጭ አልኩ።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። በዚህ ወር መጨረሻ መልቀቂያ አስገብተህ ለፋሲካ ጠቅልለህ እንደምትመጣ ነግረኸናል። ቨርን ቦታህ ይጠብቅሃል ብሎሃል። ቨርን ውሸታም አይደለም፣ የሚያውቀውን ነው የነገረህ። አንተ ያለህበት ሥራ ደግሞ አንዴ ከለቀቁት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ስላለ መመለሻ እንደሌለው ራስህ ደጋግመህ ነግረኸኛል።

እማዬን ብታያት። ቁም ሳጥኑን ግማሹን ባዶ አድርጋልሃለች። መኝታ ቤቱን እንደ አዲስ ሙሽራ ቀለም እየቀባች ትዘፍናለች፤ ድምፅዋን ታውቀዋለህ፣ የጎረቤት ውሻ ያላዝናል። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በድንች የሚሞላውን ፒሮጊ ስንጠቀልል ለሴቶቹ ሁሉ «ሦስት ዓመት ከፎቶ ጋር ተኝቻለሁ፣ አሁንስ ይብቃኝ» ብላ አሳቀቻቸው። እኔ ሊጡን መጠቅለል ቀጠልኩ። ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

ስታንም ሐሙስ ዕለት ደጃችን ላይ የቀረውን በረዶ ሲቆልል አገኘሁት።

«ኦሬስት መቼ ነው የሚገባው?»

«ለፋሲካ።»

«የልብስ ሎከሩን አጽድቼለታለሁ። ስሙ አሁንም አለበት። አንድም ሰው አላስነካሁም።» ከዚያ ሳቀና «አንቺ ግን ካፖርት አምጣ እንዳትዪው» አለኝ።

እኔም ሳቅሁለት። ቤት ገብቼ ከነቡትሴ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አባዬ፣ ስታን ወንበሩ ጫፍ ላይ የተቀመጠው አቀማመጥ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። አንድ ቀን እዚያው ወንበር ላይ መልሶ ሲቀመጥ ወረቀቱ ላይ የዓሣ ዘንግ አይኖርም። አንተን እዚያ ወንበር ላይ ማየት ግን አልችልም። የማልችለው ያንን ነው።

የተማርኩት በአንተ ወገብ ነው፤ ይህን አልረሳሁም። ግድ የለም ለፋሲካው ብቻ ና፣ በዓሉን አብረን እንብላ፣ ከእማዬ ጋር ጨፍር። ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውልና ስለ አየሩ ብቻ አውራኝ፤ የጻፍኩት እንደገባህ ከድምፅህ አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ከማሽኑም ከብርዱም ይጠብቅህ። የሚሠራ እጅህን አይንሳህ፣ እኛንም በአንድ ገበታ ዙሪያ በጤና ያገናኘን።

እማዬ የቀለም ብሩሿን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። «ሞቋል በይው» ትላለች፣ «በረዶው ቀልጧል፣ ያንን ከባድ ካፖርት ተሸክሞ እንዳይመጣ።» እውነቷን ነው፤ ፀሐይ ወጥቷል፣ ሰዉ በሹራብ ነው የሚሄደው።

አትስማት አባዬ። ካፖርትህን ይዘህ ና።

ልጅህ
ላሪሳ