የሰናይት ጫማ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዛሬ የልጄን የሰናይትን የትምህርት ቤት ጫማ ሳጥብ ተረከዙ አዲስ ሆኖ አፍንጫው ብቻ አልቆ አገኘሁት። ግቢ ውስጥ ስትሄድ አየኋት፤ በደረቅ መሬት ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ጉልበቷን ከፍ እያደረገች ነው የምትራመደው። ልክ እንደ አያቷ፣ እንደ አባባ።

ይህንን ስናገር እማዬ ቱግ አለች። «ዝም በይ! በዘር ነው ከተባለ ነገ ማን ያገባታል?»

ልጅቷ እኮ ገና ሰባት ዓመቷ ነው!

«የአባባን እግር ስንደብቅ የኖርነው ይበቃል» አልኳት። «ሰኞ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ፤ የእሳቸውንም እናገራለሁ።»

አባባ በበጋ እንኳ ቦት ጫማቸውን ሰው ፊት አያወልቁም። ዛሬ ጎንበስ ብለው አወለቁት። የቀጠነው እግራቸው እማዬ ፊት ተዘረጋ።

«መናገሩን ተይው» አሉኝ። «እኔው አብሬያችሁ ሄጄ እግሬን ለሐኪሙ አሳያለሁ።»