መነጽሩ ለእኔ፣ ደብተሩ ለሐጂ

ወንድም ዓለም ጌታቸው፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ከሁሉ በፊት ስለ መነጽርህ አቤት ልበል። የግራ እጀታውን በክር ጠምጥመህ ነው የተውክልኝ፤ ቋጠሮው ጆሮዬን ይልጠኛል። ያንተ ጆሮ ከምን እንደተሠራ እንጃ። ምክር ሳይገባበት ኖሮ ደንድኖ ይሆናል።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ ቀየርነው፤ ዝናብ ሲጥል መደማመጥ ቀረ እንጂ አያፈስም። በር ላይ የተከልካት ኮክ ዘንድሮ አፈራች፤ ፍሬዋ እንደ ተካዩ ኮምጣጣ ነው። ልጅህ ወርቄ ለሥራ እዚህ ቢቸና ተመድባ ካንተ ክፍል ገብታለች። አጎቴ ብላ ታከብረኛለች ብዬ ነበር፤ መነጽር ካለህማ ብላ ምስር ታስለቅመኛለች።

እውነቱን ልንገርህ፣ የሚቆረቁረኝ ጆሮዬ ብቻ ቢሆን ደብዳቤም አልጽፍ። በአርባህ ዕለት ወርቄ ኑዛዜህን በሰው ፊት ስትነግረን፣ መነጽርህ ለእኔ፣ ደብተርህ ለሞጣው ወዳጅህ ለሐጂ ሰይድ ሆነ። ያቺ ልባሷ የተላጠ ጥቁር ደብተር። የቀደሙት ጸሐፊዎች ስለ ሰው ጠባይ የተናገሩትን ከየመጽሐፉ እየለቀምክ ዕድሜህን ሙሉ የገለበጥክባት ደብተር። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አልክድም። ግን ካንተ ጋር ባንድ ቁርበት የተኛሁት እኔ ነኝ።

ሞጣ ስታስተምር ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠህ ታነብላቸው ነበር። ክረምት ወደ ቤት ስትመጣ፣ «ሐጂ ይህን ሰምተው እንዲህ አሉ፣ ሐጂ በዚህ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ» ትለኛለህ። እኔም አብሬህ እስቅ ነበር፤ ከጥርሴ።

ያን ተንኮል የጀመርኩት ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ያልረገጥኩ፣ ፊደልን ካንተ አሮጌ ደብተር የለቃቀምኩ ሰው፣ ከራሴ አባባል እየፈጠርኩ «አንድ የጥንት ሊቅ እንዲህ ይላል፤ መጽሐፉን ላዋሰኝ ሰው መለስኩት» እልህ ነበር። የወንድምህ ነው ብልህ ብዕርህን አታነሳማ። የሊቅ ነው ስልህ ጎንበስ ብለህ ትጽፋለህ። «ቅናት ያልተጠራ እንግዳ ነው፤ ምሳውን ሳይበላ አይነሳም» ያልኩህ ትዝ ይልሃል? በሐጂ ቀንቼ ያወጣሁት ነው። በድንበር የተጣሉትን ወንድማማቾች ስታስታርቅ ያችኑ አነበብክላቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ «የጥንት ሰው መች ይሳሳታል» አሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የጋቢዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።

ቅጣቱ አሁን መጣብኝ። ባለፈው ሰሞን ከሞጣ የመጣ እንግዳ ያንኑ አባባል መልሶ ነገረኝ። ሐጂ ሰይድ ከመምህር ጌታቸው የሰሙት የጥንት ቃል ነው አለኝ። የእኔ ነው ብለውስ? ማን ያምነኛል? ማስረጃዬ እሳቸው ቤት ነው። በወንድሙ ወዳጅ የቀና ብዙ ይኖራል፤ በገዛ ቃሉ የቀና ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የምመኘው አንድ ነገር ነው። ያቺን ደብተር አንድ ቀን ይዤ፣ ስንቱን ውሸቴን አምነህ በዚያ በደቃቅ ጽሕፈትህ እንዳሰፈርክልኝ ማየት። እንዳልክድህ፣ ውሸቴን ከሊቃውንቱ ቃል መሐል ሳየው የአባታችን ልጅ መሆኔ ይበልጥ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ሄጄ እንድለምናቸው ግን ኩራቴ አልፈቀደም። አንተም ብትሆን መነጽር ያለ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል ብለህ

ቆይ፣ ደጅ ላይ ሰው አለ። ወርቄ ልታይ ወጥታለች።

ማን መጣ መሰለህ? ሐጂ። ከሞጣ በአውቶብስ፣ ሳይጠሩ። በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ ደብተሯን በሽርጥ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋታል። ለወርቄ የሚነግሯትም እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ዓይኔ ከድቶኛል። አባትሽ ሊያርፍ ሰሞን፣ ‹ከዚህ ውስጥ ግማሹ የወንድሜ ፈጠራ ነው፤ የቱ እንደሆነ እሱ ያንብብልዎ፣ መነጽሩን ለእሱ እተውለታለሁ› ብሎኝ ነበር። ደብተሩ ለእኔ ስለሆነ የከፋው መስሎኝ ዓመት ሙሉ ፈርቼ ቀረሁ።»

ታውቅ ኖሯል ለካ። እያወቅህ ነው ጎንበስ ብለህ ስትጽፍልኝ የኖርከው።

ዛሬ ሮብ ነው፤ ምሳችን ሽሮ ስለሆነ ለእሳቸውም ለእኔም ይሆናል። ሳይበሉ አይነሱም። የመነጽርህን ክር አልፈታውም፤ ጆሮዬን በላጠኝ ቁጥር አስብሃለሁ። አሁን ልነሳና ወንበር ላውጣላቸው።