ጸጥታ የምትለው ቃል

ማክሰኞ

አላገባሁም። የማገባውም የለም። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ኤፍሬም ገና አምሳው ነው፤ ሚስቱም ማኪኒ ከተማ፣ ቤታቸው በደኅና አለች።

ወሬው የተነሣው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ኤፍሬም ሳያሳየኝ የለጠፈው ነው። እንዲህ ይላል፦ «የቃል ኪዳን ዝግጅት። ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ። ወይዘሮ ጥሩወርቅና አቶ ኤፍሬም። ሁላችሁም ተጋብዛችኋል።» ይህን ያነበበ ሰው ሌላ ምን ያስብ? ዛሬ ሦስት ሰዎች እንኳን ደስ ያለዎት አሉኝ። አንዷ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ዐይኔን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

እውነቱን እዚህ ላስፍረው። ኤፍሬም ያለበት ማኅበር አለ፤ ጡረተኞች፣ መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች የተሰባሰቡበት ነው። አሜሪካና የአውሮፓ አገሮች አብረው ለመከላከል የገቡትን ቃል ኪዳን ተራው ሰው እንዲያውቀው በየቤተ መጻሕፍቱ እየዞሩ ያስረዳሉ። አሁን እዚህ አሜሪካ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈራችን ላለው ለእኛ ሰው በአማርኛ ሊያስረዱ ፈለጉ። ኤፍሬም አራት ገጽ ጽሑፍ እንድተረጕም ለመነኝ። ተረጐምሁ። አንድ ቃል ብቻ አስቸገረችኝ።

ሴኩሪቲ። ጸጥታ ብዬ ብተረጕመው፣ አንባቢው ዝም በል የተባለ ይመስለዋል። ደኅንነት ብለው፣ የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ከኋላው ማን እንደቆመ ዞሮ ያያል። ጸጥታ ብዬ ተውሁት። አልወደድሁትም።

ኤፍሬም ስለ ማስታወቂያው ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። «እትዬ፣ አይቆጡ፤ ሠርግ መስሎት ሰው በብዛት ይመጣል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረ። ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ውስጥ አጋር ማኅበር አላቸው፤ ያንኑ የአማርኛ ጽሑፍ እዚያ ላሉት ሐበሾች ሊያድሉት ነው። «እዚያ ሆኖ ቃሉን የሚያይልን አማርኛ አዋቂ ያውቃሉ?» አለኝ።

አላውቅም አልሁት።

ዋሸሁ።

ረቡዕ

አስካለ አንትወርፕ ነው ያለችው።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጠው። መምህራችን ፊደል የሳተን ልጅ ጠጠር ላይ ያንበረክኩ ነበር። አስካለ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ለይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጠጠሩ ላይ ናት። አንድ ቀን ሳልጠራ ተነሥቼ አጠገቧ ተንበረከክሁ። መምህሩ «አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። «እሷ ከተቀጣች እኔም ተቀጥቻለሁ» አልኋቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። እኔ ስቀጣ እሷ ትነሣለች፤ እሷ ስትቀጣ እኔ። የእኔ ጠባሳ የግራው ጉልበቴ ላይ ነው። ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል።

የማኅበሩ ጽሑፍ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ አንዱ ቢጠቃ ሁሉም እንደተጠቁ ይቈጠራል። እዚያ ስደርስ እጄ ቆሞ ነበር። ኤፍሬም ግን ለምን አንድ ዐረፍተ ነገር ግማሽ ቀን እንደፈጀብኝ አልጠየቀም።

ባሏ ሲሞት ጻፈችልኝ። ስድስት ዓመት ሆነው። ሦስት ገጽ ነበር። «ሀዘኑ ገደለኝ» ይላል፤ በሀሌታው ሀ። አምስት ቦታ። እኔ ምን አደረግሁ? አምስቱንም በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ፣ ከዳር ትክክለኛውን ጽፌ፣ ከማጽናኛዬ ጋር መልሼ ላክሁላት። እንደ ልጅነታችን ትስቃለች ብዬ ነው። አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ አልጻፈችም። እኔም አልደወልሁም፤ ትክክል ነበርሁና።

የሚናፍቀኝን ልጻፈው፤ ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። የ«ለ»ን እግር ከመስመር በታች የምታወርደው። ስልክ ስታነሣ ሃሎ አትልም፤ «አንቺ ነሽ?» ነው የምትለው፤ ሌላ ሰው ሊደውልላት የማይችል ይመስል። ሳቋ ከመጀመሩ በፊት የምትስበው ትንፋሽ። አሁን «ጥሩ» ብሎ የሚጠራኝ የለም። ሁሉም እትዬ ነው የሚለኝ።

ሐሙስ

ጻፍሁላት። አራት ጊዜ።

አንደኛው ሁሉን ነገር ያስረዳል። ቀደድሁት። ሁለተኛው ረዥም ይቅርታ ነው፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ ይመስላል። ሦስተኛው ላይ ሻይ ፈሰሰበት፤ አላዘንሁለትም። አራተኛው ይኸው፦ «አስኩ፣ የተረጐምሁትን ጽሑፍ ልኬልሻለሁ። ጸጥታ የምትለው ቃል አልሆነችልኝም። ሀሳብሽን ስጪኝ። የተሳሳትሁትን እርሚልኝ። ጥሩ።»

አብራኝ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ሰብለ ነርስ ናት። ከሥራ ስትገባ ወረቀቶቹን በስልኳ ፎቶ አነሣቻቸው።

«እቴቴ፣ ሶ አሁን ሴንድ ላድርገው?»

«ልላከው ነው የሚባለው።»

«እሺ፤ ልላከው ሴንድ ላድርገው?»

ትቀልድብኛለች። ላከችው። ቁጥሩ ከአሮጌው ደብተሬ የተገኘ ነው፤ ይሥራ አይሥራ አናውቅም ነበር። ደረሰ አለችኝ። ትንሽ ድል ነው፤ ተቀበልሁት።

ከዚያ ወረቀቱን መልሼ አነበብሁ። «ሀሳብሽን»። በሀሌታው ሀ! እኔ! ሰብለን ይመለስልኝ አልኋት። «አይ እቴቴ፣ ማን ያየዋል?» አለች።

አንድ ሰው ያየዋል።

ዓርብ

መልስ የለም። ሰብለ ከመልእክቱ ሥር ያሉትን ሁለት ምልክቶች አሳየችኝ። ሰማያዊ ሆነዋል፤ አንብባዋለች ማለት ነው። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። ድሮ ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብሎ መጽናናት ይቻል ነበር።

ዛሬ የሠራሁት፦ መስኮት አጸዳሁ። ስልኩን አየሁ። ትርጕሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁ፤ ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨመርሁ፣ አንዱን መልሼ አነሣሁ። ስልኩን አየሁ። የጠዋት መድኃኒቴን ሁለተኛ ልውጥ ስል ሰብለ ያዘችኝ።

ኤፍሬም ደወለ። «እትዬ፣ ዛሬ ማተም አለብን። በጸጥታ ይሂድ፤ ሬዲዮውም እንዲያ ነው የሚለው።»

«ሬዲዮ ስለተሳሳተ እኔም ልሳሳት?»

«ማለቴ፣ ጊዜ የለንም ነው የምለው።»

እስከ ነገ አራት ሰዓት ስጠኝ አልሁት። ረዥም ተነፈሰ። ግን ሰጠኝ። ምን እየጠበቅሁ እንደሆነ አልነገርሁትም፤ ማክሰኞ የዋሸሁትን ማንሣት ሊሆንብኝ ነው።

ምናልባት አስካለ እዚያ ወረቀቱን ይዛ ተቀምጣ ይሆናል። ምናልባት አንብባ ጥላዋለች። ሁለቱም ይመስለኛል፤ እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል።

ቅዳሜ

ሦስት ሰዓት ላይ ሰብለ ስልኳን ይዛ ከመኝታ ክፍሏ እየሮጠች ወጣች። መጣ። ሁሉም ገጽ በወረቀት ታትሞ፣ በቀይ ታርሞ፣ እንደገና ፎቶ ተነሥቶ። የ«ለ» እግሮች ከመስመር በታች ወርደዋል።

የመጀመሪያው ክብ ያለው ደብዳቤዬ ላይ ነው፤ «ሀሳብሽን»። ከዳር እንዲህ ትላለች፦ «ሐሳብ በሐመሩ ሐ ነው። ተንበርከኪ።»

አለቀስሁ። ሰብለ ደነገጠች። «ሰደቡዎት እንዴ?»

«አዎ» አልኋት። «ተመስገን።»

ገጽ ሁለት ላይ ጸጥታን ሰርዛዋለች። «ጸጥታንስ ስድስት ዓመት አየነው፤ ለማንም አልጠቀመ። መጠባበቅ በይው።» መጠባበቅ! አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ አንዱ ሌላው እስኪመጣ ይቆያል። ሁለቱንም በአንድ ቃል። ፊደል መለየት ያቃታት ልጅ ቃል ትለያለች። ይህን ለማወቅ ሰባ ዓመት ፈጀብኝ። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ለኤፍሬም ደወልሁለት። አንትወርፕ ሰው እንዳለኝም ነገርሁት። «ታዲያ ማክሰኞ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ጨዋ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ አሥራ አንድ ሰው መጣ። አንዷ የሠርግ ስጦታ ይዛ። ታክሲ የሚነዱት አቶ ተካ ከኋላ ሆነው «ሙሽሪት ይናገሩ!» ብለው ጮኹ። አልሳቅሁም። ትንሽ ሳቅሁ።

ሁለተኛውን ገጽ አነበብሁላቸው። ስጦታ ያመጣችው ሴት እጇን አነሣች። «አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነሣል ትላላችሁ። ያልተነሣስ?»

የማኅበሩ ተናጋሪ ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህርት ናት። አልሸፋፈነችም። ኤፍሬም እየተረጐመ፣ ቃል ኪዳኑ የሚያስገድድ ዱላ የለውም አለች፤ ሕዝብ ካላወቀውና ሹሞቹን ካልጠየቀበት ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ የምንዞረውም ለዚሁ ነው። ሴትዮዋ የረካች አልመሰለኝም። ወረቀቱን ግን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እኔ ጉልበቴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ያልተነሣሁት እኔ ነኝ። እሷ ጠጠር ላይ ሳለች ተቀምጬ ቀይ እስክሪብቶ ላክሁላት።

ከገጽ አራት ግርጌ ያለውን ለብቻዬ ነው ያነበብሁት፤ ሰብለም አላየችውም መሰለኝ። «ነገ ቤት ነኝ። እኔ አልደውልም፤ ተራው ያንቺ ነው። እጠባበቃለሁ።»

ነገ፣ ከሁሉ በፊት፦

የጆሮ መስሚያዬን ባትሪ እቀይራለሁ።

ጧት በአንድ ሰዓት፣ እዚያ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ሰብለን ሳልቀሰቅስ ራሴ እደውላለሁ።

«አንቺ ነሽ?» እስክትል ዝም እላለሁ።

ስለ ባሏ እጠይቃታለሁ። ስለ መጨረሻው ሳምንት፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን ሁሉ። ስትናገር አላቋርጣትም፤ ምንም ብትል አላርማትም።

ካላነሣች፣ ከቅዳሴ መልስ እንደገና እደውላለሁ።