አንደኛ የወጣሁበት ትርፍ

ይድረስ ለልጄ ለኪሩቤል፤ ሚካኤል ከበርሊን ብርድ በክንፉ ይጋርድህ።

እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ደኅና ነን። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላ የለበትም። የፒዮሪያን መንገድ ቆፋፍረውት እኔም ሥራ እያረፈድኩ ነው።

ግን ከእሑድ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ፣ አንተ ልጅ! ከቅዳሴ በኋላ ኮልፋክስ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ የማኅበራችን ሴቶች እንደ ልማዳችን ስልካችንን አውጥተን አክሲዮናችን ከአምናው ስንት እንደጨመረ ተወዳደርን። ፀዳል ስምንት በመቶ፣ ሰርካለም ስድስት፣ እኔ ሃያ ዘጠኝ! ሳትሄድ በፊት የገዛህልኝ ስለሆነ፣ "ልጄ የመረጠልኝ ነው" እያልኩ ስኮፈስ ነው የከረምኩት። ሰርካለምማ አምናኝ የራሷን ሸጣ የእኔን ዓይነት ገዝታለች።

ታዲያ የፀዳል ልጅ ሄዋን ስልኬን ቼክ አድርጋ፣ "እትዬ ዓለምነሽ፣ ይሄ እኮ ትርፍ አይደለም። በየወሩ ሁለት መቶ ዶላር ዲፖዚት የሚያደርግልዎ ሰው አለ። ኪሩቤል ይላል። ትርፍዎ አምስት በመቶ ብቻ ነው" አለችኝ።

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሰርካለም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሳም። እሷን እግሯ ላይ ወድቄም ቢሆን እታረቃታለሁ። አንተ ግን ተማሪ ሆነህ ከየት አምጥተህ ነው? ስደውል ሁሌ "በልቻለሁ" የምትለኝ ምኑን ነው?

እመቤቴ እጅህን ትባርከው። ከእንግዲህ አንዲት ሳንቲም እንዳታስገባ። ፎቶህን ብቻ ላክልኝ፤ ከአምናው ጋር አስተያይቼ ስንት እንደቀነስክ ልይ።

እናትህ ዓለምነሽ