ዘመኑ ማን ነው?

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ሙሐረም መጣ። ከጎረቤት እርሻ ነው የሚሠራው፣ የደሴ ሰው። ስልክ ያለው እሱ ብቻ። ቤተሰቦቹ ጋ ደውሎ ቀኑን ጠየቀልኝ። ኅዳር አሥራ ሁለት ነው አለ። ቀን ከጠፋብኝ ስንት ጊዜዬ... ይኼን ደብተር ከአሰሪያችን ልጆች ጥራጊ ውስጥ አገኘሁት። ግማሹ በዐረብኛ ተጽፎበታል። ግማሹ ለእኔ ይበቃኛል።
ፍየሎቹን አጠጣሁ፣ አለብኩ። ከኹባ ከተማ ወዲያ፣ በየመን ድንበር በኩል፣ መድፍ ሲያጓራ ዋለ። እኛ ለምደነዋል። ፍየሎቹ ግን እስከ ዛሬ ይደነብራሉ።

ኅዳር 14፣ እሑድ
ከአገር አብሮኝ የወጣው ሀብቴ ከነገ ጀምሮ የነቢያትን ጾም እጾማለሁ አለ። እግሩ እንዲያ ሆኖ! ከየመን ስንሻገር ድንበሩ ላይ ፍንጣሪ የመታው ቁስል አልድን ብሏል። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል።
ስለት አለብኝ ይላል። የመን ውስጥ ደላሎቹ አስረው ሲደበድቡን ተስሏል። ከዚህ በሕይወት ካወጣኸኝ ጾሙን ሳላጎድል ጾሜ በልደት ቀን እፈታለሁ ብሎ።
አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛ መጾም አለበት ያለህ ማነው? አልኩት። ሳቀብኝ። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ አቋርጧል። ለእኔ ግን እሱም ይበዛብኛል፣ በክርክር አልችለውም።
«ዘመኑ ማን ነው?» አለኝ።
«ሉቃስ» አልኩት። ከአገር ስንወጣ ሉቃስ ነበር።
«እንግዲያ ልደት በሃያ ዘጠኝ ነው። ቀኑን አንተ ቁጠርልኝ፤ እኔን ትኩሳቱ ያምታታኛል።»
እሺ አልኩ። ከሥራ ሁሉ ቀላሉ መቁጠር።

ኅዳር 19፣ ዓርብ
ሙሐረም ከኹባ ኪኒን አመጣ። ባለመድኃኒቱ፣ «ደም የለውም፣ ወተትና እንቁላል ስጡት» ብሏል። ወተትማ ሞልቷል! በየቀኑ ሁለት ባልዲ እያለብኩ ለአሰሪው አስረክባለሁ። አንድ ኩባያ ቢጎድል የሚያውቅ የለም።
ሀብቴ ጾም ነው፣ አይሆንም አለ። ሩዝ በቲማቲም። እሱንም ሦስት ጉርሻ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ
ጂዛን ሆስፒታል እንውሰድህ አልነው። አሰሪው ራሱ በመኪናው ወስዶ ሆስፒታሉ በር ላይ ጥሎት እንደሚመለስ ነግሮናል። ከዚያ ወዲያ ሹርጣ፣ ፖሊሱ ማለት ነው፣ እስር ቤት፣ ወደ አገር። ይሁና! እግሩ ከሚበሰብስ።
ሀብቴ እምቢ አለ። እስር ቤት የሰጡኝን ልበላ ነው፣ ቀኑንስ ማን ይነግረኛል አለ። ከልደት በኋላ ውሰዱኝ አለ።
ሙሐረም ሊከራከረው ሞከረ። እኔ ዝም አልኩ። እውነቱን ልጻፍ እንግዲህ፣ ለራሴ ነው... እሱ ከተያዘ እኔንም ይፈልጉኛል ብዬ ፈራሁ። እምቢ ሲል ቀለል አለኝ። አፈርኩ። አፍሬም ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ
የምንተኛው እዚሁ በረት ጥግ ነው። ዝንቡ፣ ሽንቱ፣ ሙቀቱ። አገሬ ሳለሁ ጌታ በበረት ተወለደ ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። ሥዕሉ ላይ በረቱ ንጹሕ ነው፣ ላሟም የታጠበች ናት። አሁን በረት ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ማንም እናት ወድዳ አትወልድበትም።
ይኼን ለሀብቴ ነገርኩት። እኮ፣ ነገሩስ እሱ አይደል አለኝ። ሰው ወደ አምላክ መውጣት ሲያቅተው አምላክ ወደ ሰው ወረደ፤ ሲወርድም ማረፊያ ከለከሉት፤ ልደት ማለት ይኼ ነው አለ።
ተናደድኩ። «ታዲያ እዚህ ድረስ ለምን አይወርድም?»
«ከዚህም በታች ወርዷል» አለኝ። «አንተ ቀና እያልክ ትፈልገዋለህ።»
ለእሱ ይታየዋል። ለእኔ የሚታየኝ የፍየል በጠጥ ነው። እጸልያለሁ፣ መልስ የለም። ከማን ጋር ነው የማወራው?

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ
እግሩ ሸተተ።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ
ሙሐረም አለቀሰ። ለምኖት፣ ለምኖት። ወላሂ በእኛም ሃይማኖት በሽተኛ አይጾምም፣ በእናንተም እንደዚያ ነው፣ እናቴ የናንተን ቄስ ስትሰማ ነው ያደገችው አለው። ሀብቴ እጁን ያዘውና አምስት ቀን ቀረኝ እኮ አለ። አርባ ቀን ተሸክሜ አምስቱን ልጣል?
ለእናቱ፣ ለእማማ ጌጤነሽ፣ ደውለን ስልኩን ሰጠነው። ድምፁን አጠንክሮ ደህና ነኝ አላት። በልደት ጾሙን ስፈታ ደውይልኝ አላት።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ
ዛሬ ጠዋት ዓይኑ ጠራ። ትኩሳቱ ለቀቀው መሰለኝ። እኔ ሳልብ ሲያየኝ ቆየ። ወተቱ ሽታው መጣ አለ።
«አራጋው፣ ዛሬ ነው?»
«ነገ ነው» አልኩት።
«እስቲ ትንሽ ስጠኝ።»
ስንት ቀን ስለምነው እምቢ ያለ ሰው! ባልዲው እጄ ላይ ነበር። ሰጥቼው ነገ ሲነቃ ስለቴን አስጣልከኝ ቢለኝስ? እሱ ለዚህ ቀን ብሎ ነው እግሩን የሰጠው። ሀብቴ፣ አንድ ቀን ቀረህ፣ ነገ በማለዳ እኔ ራሴ አጠጣሃለሁ አልኩት። እሺ አለ። ልጅ ሲከለከል እሺ እንደሚለው ነው ያለኝ።
ደግ አደረግኩ መሰለኝ። ነገ ትልቁን ኩባያ እሞላለታለሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ
ሀብቴ ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።
ፍየሎቹን ሳስገባ በሕይወት ነበር። በረቱን ዘግቼ ስመለስ አልነበረም።
አሰሪው ኸላስ፣ አለቀ፣ ሰው ሳያይ ቅበሩት አለ። ከእርሻው ጀርባ ከሙሐረም ጋር ቆፈርን። ሙሐረም የናንተ ሰው ፊቱ ወዴት ይዞራል አለኝ። ወደ ምሥራቅ አልኩት። አዞረልኝ። ፍትሐት አላውቅም። አባታችን ሆይን ጀምሬ መሀል ላይ ጠፋኝ። ሙሐረም በራሱ ዱዓ አደረገለት።
ዛሬ ልደት ነው። አንድ ቀን! ጌታዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠብቅህም አልከው? ምን ቸኮልክ?

ጥር 1፣ ዓርብ
እማማ ጌጤነሽ ደወለች። ሙሐረም ስልኩን አቀበለኝና ወደ ውጭ ወጣ።
እንኳን አደረሳችሁ አለችኝ። ማክሰኞ ከቅዳሴ ስመለስ እናንተን አስቤ ሳለቅስ ዋልኩ አለች።
«ማክሰኞ? ልደት ረቡዕ አይደለም እንዴ?»
«ምነው ልጄ! ዘንድሮ ዮሐንስ አይደል? በዮሐንስ ልደት በሃያ ስምንት ነው። ይኼንማ ሀብቴ ያውቀዋል።»
ሀብቴማ ያውቀዋል። ጠይቆኝም ነበር። ዓመቱ የዞረው እኛ የመን ታስረን ሳለን ነው። እንቁጣጣሽ ያለን የለም። ሉቃስ ሄዶ ዮሐንስ መግባቱን ማን ይንገረኝ? ማንም። ግን እኔ ልብ ማለት አልነበረብኝም?
ማክሰኞ። ባልዲው እጄ ላይ ነበር። በጌታ ልደት ቀን፣ በረት ውስጥ የተኛ ሰው ወተት ለመነኝ፣ ነገ አልኩት። እነዚያ ቤተልሔም ላይ ቦታ የለም ያሉትም ማን እንደመጣባቸው አላወቁም። እኔም አላወቅኩም። ይኼ ያጽናናል? አያጽናናም። ከዚህ በታች ወርዷል ያለኝ ገባኝ፤ ወርዶ ሲመጣ የመለስኩት እኔ ነኝ።
እማማ ጌጤነሽ አልሰማህም ወይ አለችኝ። ሀብቴን አቅርብልኝ አለች። ከፍየል ጋር ርቆ ሄዷል አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ፣
«ጾሙን ፈታ?»
«ፈታ።»
«በምን?»
«በወተት።»
«እሰይ! ማን ሰጠው?»
«እኔ።»
«ይኼ እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አለችኝ።
አሜን አልኩ።