ሰባቱ ስሞች

ለወንድሜ ለኢካይካ፣

የላስ ቬጋስ በረሃ ሳይጎዳህ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔና አያታችን ቱቱ እዚህ ሆኖሉሉ ደህና ነን፤ ቤቱ ብቻ ሰፍቶናል።

ከተመረቅሁ ወዲህ መቀመጥ ስላልቻልኩ በወሩ መጨረሻ ወደ ቱቱ ደሴት፣ ወደ ሞሎካይ እሻገራለሁ። እዚያ የዘመዶቻችን ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሞ የሰባት ትውልዱን ስም በዜማ ያልጠራ ወደ ውስጥ እንደማይገባ ታውቃለህ። ቱቱ ስሞቹን ሲያስተምሩን እኔ ባሕር ዳር እጫወት ነበር፤ ስለዚህ የተረትና የታሪክ መጻሕፍት ፍለጋ ከተማውን አካለልኩት። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ "አንቺ ምሁር! አያትሽ ቤት ተቀምጠው የዘርሽን ስም ከእኔ መደርደሪያ ትፈልጊያለሽ?" ብለው ሳቁብኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ። አራት መጻሕፍት ገዛሁ፤ የነገሥታቱ ስም ሞልቷል፣ የእኛ ግን የለም።

ትናንት በረንዳ ላይ ዜማውን ስጀምር ቱቱ የሚልጡትን ጎደሬ አስቀምጠው፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ሊያለማምዱኝ መስሎኝ የማውቃቸውን አራት ስሞች ጠራሁ። በጥሞና አዳመጡኝና፣ "ግቢ እንግዳዬ፣ የሚበላም አለ" አሉኝ። ገብቼ በላሁ፤ እስኪመሽ ድረስ ግን በስሜ አልጠሩኝም።

የቀሩትን ሦስት ስሞች አንተ ታውቃቸዋለህ። በስልክ አትንገረኝ፤ ብትመጣ አብረን እንጠራቸዋለን።

እስክንገናኝ ጤናው አይለይህ። የቱቱን ሰላምታ እኔው ጨምሬልሃለሁ።

እህትህ ኖኤ