የዝንቧ ስም እስኪታወቅ

አልጣሽ፣ እህቴ፣

ታዲያ ዝንብ በሬ ስትነክስ እያየሁ ጭራዬን ይዤ ዝም ልበላት? መታኋታ! እዚህ ቆላው፣ ከወገዳ ከተማ በታች፣ ልጠይቀው የመጣሁት የልጄ የኃይለ ሚካኤል በሬ ከስቶ አጥንቱ ገጥጧል። ከብት ሕክምና የምትማረው የልጅ ልጄ ዓለሚቱ የዝንብ መለያ ወረቀት ይዛ መጥታለች። ወረቀቱ እንደ ነፍስ አባት ይጠይቃል፣ እኛ ዝንቧን እያየን እንመልሳለን፣ መልሳችን ደግሞ ወደ ሌላ ጥያቄ ይሰደናል። «ስታርፍ ክንፎቿ እንደ መቀስ ይደራረባሉ ወይስ ይከፈታሉ?» ሲል ክንፉ ከየት ይምጣ! «እማማ፣ ጨፈለቋት እኮ!» ብላ ዓለሚቱ ልታለቅስ ደረሰች። ከተደራረበ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የምታመጣዋ ናት፤ ከተከፈተ ተራ ተናካሽ ናት አለችኝ። እኛ አገር፣ አርብ ገበያ፣ ዝንብን እሽ ብለን እንገላገላለን፤ እዚህ ስሟን ካላወቁ እንቅልፍ የለም። አደራሽን፣ ስሟ እስኪታወቅ ልጅሽ ካሴ በሬዎቻችሁን ሣር ፍለጋ ወደዚህ ይዞ እንዳይወርድ!

የፖስታ ካርዷ ጠበበችኝ፤ ልጅሽን ታንጉትን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እንዴት ናችሁ በይልኝ። ይኸው ዓለሚቱ ከደጅ ትጣራለች፦ «እማማ፣ ቶሎ ይምጡ! አንዷን በብርሌ ይዣለሁ፣ ልታርፍ ነው!» ጭራዬን እዚሁ ትቼ ልሂድ። ማርያም የተከፈተ ክንፍ ታሳየን።